ካፕሱሉ የማይደርስበት መርዝ

ሚስማር የወጋው ወይም ቆርቆሮ የቆረጠው ሰው፣ በአዲስ አበባም ሆነ በደብረ ማርቆስ፣ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚገባው መድኃኒት ቤት ነው። ካርድ ማውጣት የለ፣ ወረፋ የለ። «ለቁስል የሚሆን ነገር ስጪኝ» ይላል። አንዳንዱ ስሙን ያውቀዋል፤ አሞክሲሲሊን፣ ሲፕሮ፣ ቴትራሳይክሊን። ሌላው በቀለሙ ይጠይቃል። ቤቱ ገብቶ ጥቂቱን ይውጣል፤ አንዱን ካፕሱል ደግሞ በጥፍሩ ከፍቶ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ይነሰንሳል። ቁስሉ ደርቆ ቅርፊት ይይዛል። የተረፉት ፍሬዎች በወረቀት ተጠቅልለው መሳቢያ ውስጥ ይገባሉ፤ ለሌላ ቀን።

በዚህ ሁሉ መካከል መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ ሳይጠየቅ ቀረ፦ «የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት የወሰድከው መቼ ነው?»

የመንጋጋ ቆልፍ፣ በሐኪሞቹ አጠራር ቴታነስ፣ አምጪው ባክቴሪያ ኑሮው አፈር ነው። ከፈረስ፣ ከበግና ከከብት አንጀት በፋንድያና በእበት እየወጣ ማሳውንም በረቱንም ደጃፉንም ሲሞላው ኖሯል። ያልተመቸው ጊዜ ስፖር ወደሚባል ጠንካራ ቅንጣት ይለወጥና ለዓመታት ይተኛል። ውሃ ስለፈላ ብቻ አይሞትም፤ ብዙ የማጽጃ ኬሚካሎችንም ይቋቋማል። የሚጠላው ኦክስጅንን ነው። አየር የሚያገኘው ሰፊ ጭረት ላይ ይቸገራል፤ ጠባብና ጥልቅ ቀዳዳ፣ የሞተ ሥጋ፣ ወይም ውስጥ የቀረ የእሾህ ስባሪ ሲያገኝ ግን ይነቃል። «የዛገ ሚስማር መንጋጋ ቆልፍ ያመጣል» የሚባለው እንግዲህ ግማሹ ብቻ እውነት ነው። ዝገቱ ምንም አላደረገም፤ ጥፋቱ ሚስማሩ አፈር ላይ ወድቆ መክረሙና ቀዳዳው ጥልቅ መሆኑ ነው። የአጋም እሾህም፣ የእንጨት ስንጣሪም፣ ጓሮ ውስጥ ያደረ አዲስ ሚስማርም ያንኑ ያደርሳሉ።

ባክቴሪያው ራሱ ከቁስሉ ብዙም አይርቅም። የሚገድለው የሚያመነጨው መርዝ ነው። ሳይንስ ከሚያውቃቸው መርዞች ሁሉ ከቀዳሚዎቹ ተርታ ነው፤ ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 2.5 ናኖግራም ገደማ ይበቃዋል። የአንዲት የጨው ቅንጣት ክብደት ያለው መርዝ ከመቶ ሰው በላይ ይጨርሳል ማለት ነው። መርዙ በነርቭ ውስጥ ሽቅብ ተጉዞ ሕብለ ሰረሰር ይደርሳል፤ እዚያም ጡንቻ እንዲላላ የሚያዘውን መልእክት ያፍናል። ከዚያ በኋላ ጡንቻ መኮማተር እንጂ መላላት አያውቅም። በአብዛኛው ቁስሉ ከደረሰ ከ3 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ መጀመሪያ መንጋጋ ይያዛል፣ መዋጥ ይቸግራል፣ አንገት ይደርቃል። ቀጥሎ ጀርባ እንደ ደጋን ይለጠጣል። በር ቢንኳኳ፣ መብራት ቢበራ፣ አንሶላ ቢነካ ሰውነት በሙሉ ይንቀጠቀጣል። ለዚህ ነው ነርሶች እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ ጨለምለም ባለና ጸጥ ባለ ክፍል የሚያስተኙት። ከሁሉ የሚከፋው አእምሮው አለመነካቱ ነው፤ የሚሆነውን ሁሉ እያወቀ ይሰቃያል።

በሽታውን የሚያረጋግጥ የደም ምርመራ የለም። ሐኪም ምልክቱን አይቶ፣ ታሪኩን ጠይቆ ይወስናል። አንዳንዴ የምላስ መያዣውን ጠፍጣፋ እንጨት ወደ ጉሮሮ ጫፍ ያስጠጋል። ጤነኛ ሰው ያቅለሸልሸውና ሊተፋው ይሞክራል፤ መንጋጋ ቆልፍ የያዘው ግን ሳይወድ በግድ እንጨቱን ነክሶ ይይዘዋል።

ካፕሱሉን እዚህ ላይ እንመዝነው። አንቲባዮቲክ የሚዋጋው ሕያው ባክቴሪያን ነው። ለመንጋጋ ቆልፍ ሕመምተኛም ይሰጣል፤ በብዙ ሆስፒታል ሜትሮኒዳዞል ቀዳሚው ምርጫ ነው። ቁስሉ ውስጥ የቀሩትን ባክቴሪያዎች ይገድላል፣ አዲስ መርዝ እንዳይመረት ያደርጋል። አስቀድሞ ነርቭ ውስጥ የገባውን መርዝ ግን አይነካውም። የሚነካው ሌላ መድኃኒትም የለም። ነርቩ አዲስ ጫፍ እስኪያበቅል ድረስ ሳምንታት መጠበቅ ግድ ነው፤ በነዚያ ሳምንታት ሕመምተኛው እንዲተነፍስ የሚረዳ መሣሪያ ያለበት ሆስፒታል ከሌለ ተስፋው የመነመነ ነው። ቁስል ላይ የተነሰነሰው ዱቄትስ? ቅርፊት ሠርቶ ቆሻሻውን ከሥር ይደፍነዋል፣ አየሩን ይዘጋዋል። ባክቴሪያው መርጦ የሚያገኘው ቤት እንዲህ ያለውን ነው።

ዘመናዊ ሕክምና ሳይመጣ በፊት ገንዘብም ዕውቀትም አያስጥልም ነበር። የኒው ዮርክን የብሩክሊን ድልድይ የነደፈው መሐንዲስ ጆን ሮብሊንግ እ.ኤ.አ. በጁን 1869 ድልድዩ የሚቆምበትን ቦታ ሲለካ ወደ ወደቡ የተጠጋች ጀልባ እግሩን ከወደቡ ግንድ ጋር ጨፈለቀችው። ጣቶቹ ተቆረጡ። ሮብሊንግ ሐኪም የማያምን፣ በውሃ ሕክምና የሚምል ሰው ነበርና ቁስሉ ላይ ውሃ እያፈሰሰ ራሱን ሊያክም ሞከረ። ጁላይ 22 መንጋጋ ቆልፍ ገደለው። በ1883 የተመረቀውን ድልድይ ያስጨረሰው ልጁ ዋሽንግተን ነው። የጸሐፊው የሄንሪ ዴቪድ ቶሮ ወንድም ጆን ደግሞ እንዲህ ያለ አደጋ እንኳ አልደረሰበትም። በ1842 መባቻ ምላጭ ሲስል ጣቱን ቆረጠው፤ ጃንዋሪ 11 ቀን ሞተ።

ምስጢሩ የተፈታው ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት አሥርት ዓመታት ነው። በ1884 ጀርመናዊው አርተር ኒኮላየር አፈርን በእንስሳት ሰውነት ውስጥ በመርፌ አስገብቶ በሽታውን አስነሳ። በ1889 በበርሊኑ የሮበርት ኮኽ ቤተ ሙከራ የሚሠራው ጃፓናዊ ኪታሳቶ ሺባሳቡሮ ባክቴሪያውን ለብቻው ነጥሎ አራባ። በዓመቱ ከኤሚል ፎን ቤሪንግ ጋር ሆኖ መርዙን በትንሽ በትንሹ የለመደ እንስሳ ደም ውስጥ መርዙን የሚያከሽፍ ነገር እንዳለ አሳየ። ቤሪንግ በ1901 የመጀመሪያውን የሕክምና ኖቤል ሽልማት ወሰደ፤ ኪታሳቶ አልተካተተም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረሶችን መርዙን እያለማመዱ ከደማቸው የተቀዳው ሴረም ለቁስለኞች ተሰጠ፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት በየምሽጉ ጭቃ ውስጥ ወታደሩን ይፈጅ የነበረው በሽታ በፍጥነት ቀነሰ።

ያ የፈረስ ሴረም ዛሬም አለ። በኢትዮጵያ ክሊኒኮች «ቲኤቲ» የሚባለው መርፌ እሱ ነው። አደጋ ደርሶበት ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው «የመንጋጋ ቆልፍ ተወግቻለሁ» ሲል ብዙውን ጊዜ የሚያወራው ስለዚህ ነው። ሰዎች በጅምላ የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። ቲኤቲ ሌላ ፍጡር ያመረተው መከላከያ ነው፤ ተዘጋጅቶ ይሰጣል፣ የዚያን ቀኑን ቁስል ይጠብቃል፣ በሳምንታት ውስጥ ከሰውነት ይወጣል። የተወጋው ሰው ሰውነት ከዚያ የተማረው ነገር የለም። በዓመቱ እሾህ ቢወጋው ባዶ እጁን ነው። የፈረስ ፕሮቲን በመሆኑም ከባድ አለርጂ ሊያስነሳ ስለሚችል በጥቂቱ ቆዳ ላይ ተሞክሮ ነው የሚሰጠው። ከሰው ደም የሚዘጋጅ የተሻለ ዓይነት አለ፤ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው።

ክትባቱ ሌላ ነገር ነው። በፈረንሳይ የፓስተር ኢንስቲትዩት ጋስቶን ራሞን መርዝን በፎርማሊንና በሙቀት አክሞ ጉዳት የማያደርስ ነገር ግን ሰውነት ጠላቱን እንዲያውቅ የሚያደርግ ማድረግ እንደሚቻል አሳየ፤ በ1920ዎቹ አጋማሽ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት በዚሁ ዘዴ ተሠራ። ማስረጃው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። የአሜሪካ ጦር ወታደሮቹን በሙሉ ከተበ፤ በጦርነቱ ዘመን ሁሉ በሠራዊቱ የተመዘገበው የመንጋጋ ቆልፍ ሕመም 12 ብቻ ነበር። ስንት ሚሊዮን ሰው በጭቃ፣ በሽቦና በፍንጣሪ መካከል እንዳለፈ ለሚያስብ ቁጥሩ የማይታመን ነው።

አንድ ሌላ ነገርም ከዚህ ጋር መታወቅ አለበት። ብዙ በሽታ አንዴ ይዞ ከለቀቀ አይመለስም። መንጋጋ ቆልፍ እንደዚያ አይደለም። ሰውን ለመግደል የሚበቃው መርዝ እጅግ ጥቂት ስለሆነ የሰውነት መከላከያ ሊያስተውለው እንኳ አይችልም። ስለዚህ ከሞት የተረፈ ሕመምተኛም ከሆስፒታል ሲወጣ መከተብ አለበት። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም፤ ጎረቤት ሁሉ ስለተከተበ ያልተከተበው አይድንም። እያንዳንዱ የራሱን መርፌ ይወስዳል፤ አፈሩም ከበሽታው መቼም አይጸዳም።

በታሪክ ከሁሉ የከፋውን ዋጋ የከፈሉት ጨቅላዎች ናቸው። ከስኮትላንድ ምዕራብ ራቅ ብላ በምትገኘው የሴንት ኪልዳ ደሴት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሚወለዱ ሕፃናት አብዛኞቹ በሳምንት ውስጥ ይሞቱ ነበር። ደሴተኞቹ «የስምንት ቀን በሽታ» ይሉት ነበር። የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብለው የተቀበሉት ነበሩ። በ1890ዎቹ አንገስ ፊዴስ የሚባል የደሴቲቱ ቄስ ግላስጎው ሄዶ የማዋለድ ንጽሕና ተምሮ ተመለሰ። እትብት በንጹሕ መሣሪያ እንዲቆረጥ፣ በጸረ-ተህዋስ እንዲጠረግ አስገደደ። የሕፃናቱ ሞት ቆመ።

የኢትዮጵያ እናቶችም ይህን በሽታ በራሳቸው መንገድ ያውቁታል። ልጁ ሲወለድ ደህና ነው፤ ያለቅሳል፣ ጡት ይይዛል። በሦስተኛው ቀን ገደማ ጡት እንቢ ይላል፣ ከንፈሩ ይጠብቃል፣ ሲነኩት ይደርቃል። ሰበቡ ብዙውን ጊዜ እትብቱ ነው፤ ባልጸዳ ምላጭ ወይም መቀስ ተቆርጧል፣ ተራ ክር ታስሮበታል፣ አንዳንዴ ቅቤ ተቀብቶበታል፣ በአንዳንድ አካባቢ እበትም ጭምር። እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ ማስነቀልም ያንኑ በር ይከፍታሉ። በዓለም ደረጃ በ1988 ብቻ 787,000 ጨቅላዎች በዚህ በሽታ እንደሞቱ የዓለም ጤና ድርጅት ገምቷል። በ2018 ግምቱ ወደ 25,000 ወርዷል።

እንዲህ ያወረደው አንቲባዮቲክ አይደለም። እናትየው ተከተበች፤ ያ ነው ትልቁ ነገር። ነፍሰ ጡር ክትባቱን ስትወስድ የሠራችው መከላከያ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል፤ ልጁ ተከትቦ የተወለደ ያህል ይሆናል። ቢያንስ በአራት ሳምንት ልዩነት ሁለት መርፌ፣ ሁለተኛው ከመውለዷ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት። ያልተከተበች ሴት አምስቱን መርፌ በየጊዜው ካሟላች የመውለጃ ዕድሜዋን በሙሉ ትጠበቃለች። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡት ሴት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት እየዞሩ «ስንተኛሽ ነው? ካርድሽን አሳዪኝ» ማለታቸው ይህን ሥራ ነው የሠራው። በጤና ተቋም መውለድም ተለመደ፤ በ2000 በኢትዮጵያ ከመቶ ወላድ አምስቱ ብቻ ነበሩ በጤና ተቋም የሚገላገሉት፣ በ2019 አርባ ስምንት ደረሱ። በ2017 ኢትዮጵያ የእናቶችና የጨቅላዎች መንጋጋ ቆልፍ የሕዝብ ጤና ችግር ከመሆን እንደወጣ ተረጋገጠላት። መለኪያው በየወረዳው ከሺህ በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት ከአንድ በታች ብቻ በበሽታው መያዝ ነው። ጠፋ ማለት አይደለም፤ ክትባቱ ቢላላ ይመለሳል።

ክትባቱ ለሴቶች ብቻ ተለይቶ መሰጠቱ ጥርጣሬ አስነስቶ ያውቃል። በ2014 በኬንያ የካቶሊክ ጳጳሳት መርፌው ሴቶችን ለማምከን የታሰበ ነው ብለው አደባባይ ወጡ፤ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ አስተባበሉ። ወሬው ከዚያ በፊት ሜክሲኮንና ፊሊፒንስን አዳርሷል። ሴቶች የተለዩበት ምክንያት የተደበቀ አይደለም፤ አንድ መርፌ እናትና ልጅን ስለሚጠብቅ፣ ገንዘብም ስለሚያጥር ቅድሚያ ለእነሱ ተሰጠ።

የዚህ ቅድሚያ ሌላኛው ገጽ ብዙም አይወራም። በኢትዮጵያ ሕፃናት በ6ኛ፣ በ10ኛና በ14ኛ ሳምንት በሚወስዱት የአምስት በሽታዎች ጥምር ክትባት ውስጥ የመንጋጋ ቆልፍም አለ። ሦስቱ መርፌዎች መሠረት ናቸው እንጂ የዕድሜ ልክ አይደሉም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በሁለተኛው ዓመት፣ ከ4 እስከ 7 እና ከ9 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ሦስት ማጠናከሪያ ይመክራል። ሴት ልጅ አድጋ ስታረግዝ እንደገና ታገኘዋለች። ወንዱስ? ለረጅም ዓመታት ከሕፃንነቱ በኋላ ማንም አልጠራውም። ሞፈር የሚይዘው፣ አጥር የሚያጥረው፣ በግንባታ ቦታ ሚስማር የሚረግጠው ግን እሱ ነው። በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ኤችአይቪን ለመከላከል በተካሄደው የወንዶች ግርዛት ዘመቻ የታዩት የመንጋጋ ቆልፍ ሕመሞች ይህን ክፍተት ለሁሉም ገለጡት። ዘመቻው ከተካሄደባቸው አሥራ አራት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች፤ በጋምቤላ በኩል። በ2004 ሱናሚ በመታው የኢንዶኔዥያው አቼ ክፍለ ሀገርም በሳምንታት ውስጥ 106 ሰዎች በመንጋጋ ቆልፍ ተይዘው 20 ሞተዋል።

አንቲባዮቲክን ማጣጣል የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። በፌብሩዋሪ 1941 በኦክስፎርድ ሆስፒታል ተኝቶ የነበረው አልበርት አሌክሳንደር የሚባል ፖሊስ ፊቱ በመግል ተበልቶ አንድ ዓይኑ ወጥቶ ነበር። ሃዋርድ ፍሎሪና ባልደረቦቹ ያዘጋጁትን ፔኒሲሊን በወጉት ማግስት ትኩሳቱ ወረደ፣ ምግብ ጠየቀ። መድኃኒቱ ግን ጥቂት ነበር። ከሽንቱ እንኳ እያጣሩ መልሰው ወጉት። በአምስተኛው ቀን አለቀ፤ ሰውየው ማርች 15 ሞተ። ያኔ ችግሩ እጥረት ነበር። በአራት ዓመቱ፣ በዲሴምበር 1945፣ ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በኖቤል ንግግሩ የተገላቢጦሹን ፈራ። ጉሮሮው የታመመ አንድ ሰው ፔኒሲሊን ገዝቶ ጥቂት ይወስዳል፤ ባክቴሪያውን ሳይገድል ያለማምደዋል፤ ያን የለመደ ባክቴሪያ ለሚስቱ ያስተላልፋል፤ እሷ የሳንባ ምች ይዟት መድኃኒቱ እምቢ ብሎ ትሞታለች። ፍሌሚንግ ታሪኩን ፈጥሮ ነው የተናገረው። ዛሬ ግን የምናብ ታሪክ መሆኑ ቀርቷል፤ በ2019 መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ በቀጥታ የሞተው ሰው 1.27 ሚሊዮን እንደሆነ ተገምቷል።

ታዲያ መቼ ነው የሚወሰደው? ጉንፋን ቫይረስ ነው፤ አሞክሲሲሊን ምንም አያደርገውም። ብዙው የጉሮሮ ሕመምም እንደዚያው። የሕፃናት ተቅማጥ ከምንም በፊት የሚፈልገው ኦአርኤስና ዚንክ ነው። በአንጻሩ የሳንባ ምች፣ የማጅራት ገትር፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን አንቲባዮቲክ ይጠይቃሉ፤ ማዘግየትም አደጋ ነው። ሁለቱን መለየት የሐኪም ሥራ ነው፤ የመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ላይ በሁለት ደቂቃ አይለይም። አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ እንዳይሸጥ ደንቡ አለ፤ ገበያው ግን ደንቡን ብዙ አይሰማውም። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ወይም ወደ ዱባይ በሚበር ሻንጣ ውስጥ ከበርበሬውና ከሽሮው ጎን ጥቂት ካርድ አሞክሲሲሊን መገኘቱ ማንንም አይገርምም፤ እዚያ ያለ ሐኪም ማዘዣ አይገኝምና።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 አንቲባዮቲኮችን በሦስት መደብ ከፈለ። አሞክሲሲሊን ከመጀመሪያው፣ በሰፊው እንዲገኝ ከሚፈለገው መደብ ነው። ሲፕሮ፣ አዚትሮማይሲን፣ ሴፍትሪያክሶን ግን በጥንቃቄ ክትትል ሊደረግባቸው ከሚገባው ከሁለተኛው ናቸው። ለተቅማጥ በየሰፈሩ እንደ ከረሜላ የሚሸጠው ሲፕሮና ለማንኛውም ትኩሳት የሚወጋው ሴፍትሪያክሶን ሐኪሞች ለከባድ ቀን ሊቆጥቧቸው የሚፈልጓቸው ናቸው። ሦስተኛው መደብ የመጨረሻ መጠባበቂያ ነው፤ ኮሊስቲንና ሊኔዞሊድ እዚያ ይገኛሉ። ብዙ ሆስፒታል ውስጥ እነሱም አይገኙም።

አንቲባዮቲክን ያለ አግባብ የመውሰድ ጉዳቱ የማኅበረሰብ ብቻ አይደለም፤ ወሳጁም ይከፍላል። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊታፈን ይችላል። ቴትራሳይክሊን ከስምንት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ጥርስ ላይ የማይለቅ ቀለም ይተዋል። ሲፕሮን በወተት መዋጥ ከፊሉን መጣል ነው። አንቲባዮቲክ ጠቃሚ የአንጀት ባክቴሪያዎችንም ይፈጃል፤ ባዶውን ሜዳ አንዳንዴ ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የሚባል የመንጋጋ ቆልፍ ባክቴሪያ የሩቅ ዘመድ ይይዘውና ለሕይወት የሚያሰጋ ተቅማጥ ያስነሳል።

ለሕፃናት የሚታዘዘው የአሞክሲሲሊን ሽሮፕ ለብቻው መነሣት አለበት። ጠርሙሱ ውስጥ የሚመጣው ዱቄት ነው። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ምልክቱ ድረስ ይሞላል፣ ይናጣል፤ አረፋው ሲወርድ መጠኑ ይታያልና ከጎደለ እንደገና ውሃ ይጨመራል። ከዚያ በኋላ ዕድሜው እንደ አምራቹ ከ7 እስከ 14 ቀን ነው፣ ያውም ቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ። ልጁ ሲሻለው ግማሹ ተርፎ መስኮት ላይ የሚቆመው፣ ከሁለት ወር በኋላ ለታናሽየው በሻይ ማንኪያ የሚሰጠው ሽሮፕ መድኃኒትነቱ አልቋል። የሻይ ማንኪያም መለኪያ አይደለም፤ ከጠርሙሱ ጋር የሚመጣው መለኪያ ወይም መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ይሻላል።

«የታዘዘልህን ጨርስ» የሚለው ምክር ራሱ ክርክር ላይ ነው። በ2017 የብሪታንያ ተመራማሪዎች ረጅም ኮርስ መድኃኒት መላመድን ይከላከላል የሚለው እምነት በቂ ማስረጃ እንደሌለው በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ጻፉ። ለብዙ ሕመም አጭር ኮርስ እንደሚበቃ እየታየ ነው፤ ቀላል የሕፃናት ሳንባ ምች ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይበቃዋል። ከዚህ የሚመጣው ግን «ሲሻለኝ አቆማለሁ» አይደለም። የቀኑን ቁጥር የሚቀንሰው ያዘዘው ሐኪም ነው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በወራት ይቆጠራል፤ አንድ ሳምንት መዝለልም ዋጋ ያስከፍላል። በሩማቲክ ትኩሳት ሳቢያ ልባቸው የተጎዳ የኢትዮጵያ ልጆች የፔኒሲሊን መርፌ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ለዓመታት ይወስዳሉ። የነሱን መርፌ «በዛ» ብሎ ማስቆም ልባቸውን አሳልፎ መስጠት ነው።

ወደ ቁስሉ እንመለስ። የመጀመሪያው መድኃኒት ውሃና ሳሙና ነው፤ ብዙ ውሃ፣ ለረጅም ደቂቃ። ውሻ ከነከሰ ማጠቡ ቢያንስ 15 ደቂቃ ይሁን፤ ከዚያም በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለነገ አይባልምና። ጥልቅ ቁስል፣ ስባሪ የቀረበት፣ አጥንት የታየበት፣ ፋንድያ ወይም አፈር የነካው በባለሙያ ይጸዳል፤ የሞተው ሥጋ ይነሳል። አንቲባዮቲክ ይሰጥ አይሰጥ የሚወሰነው እዚያ ነው፤ ንጹሕና ቀላል ቁስል በአብዛኛው አያስፈልገውም። ቡናም፣ አመድም፣ የካፕሱል ዱቄትም ቁስል ላይ አይደረግም።

ክትባቱን በሕይወቱ ከሦስት መርፌ በታች የወሰደ ወይም የማያስታውስ ሰው ቁስሉ ቆሻሻ የነካው ከሆነ ሁለቱንም ይፈልጋል፤ ለዛሬ ቲኤቲ፣ ለነገ ክትባት፣ በተለያየ ክንድ። ቲኤቲ ብቻ ሰጥተው ከሸኙት «ክትባቱስ?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው፤ ቀሪዎቹን መርፌዎችም ቀጠሮ ይዞ ማሟላት አለበት። ይህን የሚያነብ ወንድ፣ በተለይ ገበሬ፣ አናጢ፣ መካኒክ ወይም የግንባታ ሠራተኛ ከሆነ፣ ቁስል ሳይጠብቅ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይጠይቅ። ሦስቱን ወስዶ ካርዱን የያዘ ሰው ንጹሕና ትንሽ ቁስል ሲገጥመው ካለፈው መርፌ አሥር ዓመት፣ አፈር የነካው ቁስል ሲሆን አምስት ዓመት ካላለፈው ተጨማሪ መርፌ አያስፈልገውም።